በሕግ አምላክ ያቆምኩት ፖሊስ

ሕግ የሚያስፈራው ሕግ አክባሪውን ብቻ ነው። ብትቆጡም ያው ነው። እስቲ አጥርን አስቡት፤ በር ላይ ቆሞ «ቤቶች» እያለ ጉሮሮው እስኪደርቅ የሚጣራው እንግዳው ነው፤ ሌባማ በየት በኩል እንደሚገባ ባለቤቱም አያውቅ። ይህን ጥበብ መጽሐፍ አገላብጬ ያገኘሁት እንዳይመስላችሁ። የስድስት ወር እስራት አፍንጫዬ ሥር ደርሶ ሲመለስ ያስተማረኝ ነው።

ነገሩ የሆነው ጃንሆይ በዙፋናቸው፣ እኔ ደግሞ በሱሉልታ ፍርድ ቤት ደጅ ባለችው ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጠን በየፊናችን አገር በምናስተዳድርበት ዘመን ነው። ሥራዬ ማመልከቻ መጻፍ ነበር። ጠበቃ አይደለሁም፤ ግን ጠበቃ የሚያውቀውን ሁሉ የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ ይኼ ደግሞ ከጠበቃነቱ ይብሳል።

የዛሬ ልጆች ስለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ያን ጊዜ «በሕግ አምላክ» የሚባል ቃል ነበር። ቃሉ ዛሬም አለ፤ የሚቆምለት ነው የጠፋው። ያኔ አንድ ሰው «በሕግ አምላክ ቁም» ከተባለ ያነሳውን እግር አያሳርፍም፣ ያሳረፈውንም አያነሳም። ተደባዳቢ ዱላውን እንደ ሰነዘረ ይቀራል። በእኛ ሰፈር ደንብ ደግሞ ያቆመው ሰው ራሱ «በል ሂድ» ካላለው በቀር ንቅንቅ የለም። ይህቺን የመጨረሻዋን ነጥብ ያዙልኝ፤ እኔ ባለመያዜ ነው መከራዬን ያየሁት።

ያን ዓመት ጫልቱን ለማግባት ሽማግሌ ልኬ ነበር። ጫልቱ የኦቦ ድንቃ ልጅ ናት። ኦቦ ድንቃ የድርቆሽና የፈረስ ጌታ ናቸው፤ ከሰው ሁሉ ፈረሳቸውን፣ ከፈረሳቸውም ኮርቻውን ያስበልጣሉ። ሽማግሌዎቹን ሁለቴ መለሷቸው። በሦስተኛው ግን ልጁ ሕግ ያውቃል ሲባል ጊዜ ለዘብ አሉና ከፋሲካ በኋላ እናያለን አሉ። እኔም ከዚያን ቀን ጀምሮ ኦቦ ድንቃ ባለፉ ቁጥር ሕግ አዋቂ ለመምሰል ግንባሬን መቋጠር ሆነ ሥራዬ።

አንድ የገበያ ቀን ኦቦ ድንቃ ፈረሳቸውን አሳርፈው፣ ኮርቻውን አጥር ላይ ሰቅለው፣ ከአንድ ወዳጃቸው ጋር ሰላምታ ይለዋወጣሉ። የሱሉልታ ሰላምታ የሰዉን፣ የከብቱን፣ የሣሩንና የዝናቡን ደኅንነት ጠይቆ እስኪያበቃ፣ እንኳን ኮርቻው አጥሩም ይሰረቃል። አንዱ መጣና ኮርቻውን እንደ ባርኔጣ ራሱ ላይ ደፍቶ እግሬ አውጪኝ አለ። ኦቦ ድንቃ «ሀቱ! ሌባ!» አሉ፤ ማንም አልገባኝም እንዳይል በሁለት ቋንቋ። የጣቢያችን ፖሊስ ሃምሳ አለቃ ገብሬ ተፈተለከ። እውነቱን ለመናገር ሰውየው ሯጭ ነው፤ ሌባውን ሊይዘው ሁለት ክንድ ቢቀረው ነው።

እኔስ? የወደፊት አማቴ እያዩኝ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ? ከባሕር ዛፌ ሥር ብድግ አልኩና ያለኝን ድምፅ ሁሉ አውጥቼ በሕግ አምላክ ቁም አልኩ።

ሃምሳ አለቃ ገብሬ ቆመ።

ሌባው ዞር ብሎም አላየኝ። ንዴቴ ብሶ እኔው ራሴ ተከተልኩት፤ ከጅረቱ ማዶ ካሉት የድርቆሽ ክምሮች መሀል ገብቶ ጠፋ። ግማሽ ሰዓት ያህል ክምር ለክምር ስዞር ቆይቼ ላቤን እየጠረግሁ ስመለስ ሃምሳ አለቃው እዚያው ነው። አንድ እግሩ ቦይ ውስጥ፣ አንድ እግሩ ዳር ላይ። አንዲት ደግ ሴት ጥላ ይዛለታለች። ለካ «በል ሂድ» ሳልለው ነበር የሄድኩት።

በማግስቱ ክስ ደረሰኝ፤ ፍትሕን በማሰናከልና ፖሊስ ሥራውን እንዳይሠራ በማቆም። አጻጻፉ ደካማ ነበር። እኔ ጽፌው ቢሆን ኖሮ ራሴን በደንብ አሳስር ነበር። ኦቦ ድንቃም መልእክት ላኩብኝ፤ በነጻ ከተለቀቀ እናያለን፣ ከታሰረ ግን ጫልቱን ለሰበታው እህል ነጋዴ እድራታለሁ አሉ። እስራቱ አላስፈራኝም ብል ውሸቴን ነው። እንቅልፍ የነሳኝ ግን ያ የሰበታ ነጋዴ ነው፤ አይቼው ባላውቅም ቦርጩ ሳይቀር ይታየኝ ነበር።

የቀጠሮው ቀን ዳኛው በበቅሏቸው መጡና እንደ ልማዳቸው በሩ አጠገብ ካለው ግንድ ላይ አሰሯት። ችሎቱ ተሰየመ። ጠበቃ አልያዝኩም፤ ራሴን የሚያህል ጠበቃ ከየት አባቴ ላመጣ? ተነሣሁና ኩታዬን አጣፍቼ፣ ክቡር ዳኛ፣ ቃል እንደ ደብዳቤ አድራሻ አለው አልኩ። እኔ የላክሁት ለሌባው ነው። ሃምሳ አለቃው የሰው ደብዳቤ ከፍቶ ቢያነብ እኔ ምን ላድርግ? ሕዝቡ አጉረመረመ፤ ደስ አለኝ።

ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ሃምሳ አለቃውን፣ ቃሉን ስትሰማ ሌባው እኔ ነኝ ብለህ ነው ወይ የቆምከው ብዬ ብጠይቀው፣ አንገቱን ደፍቶ፣ አባቴ ሊሞቱ ሲሉ «ልጄ፣ በሕግ አምላክ ካሉህ ወንዝ እየወሰደህም ቢሆን ቁም» ብለውኛል አለ። ችሎቱ በሙሉ ከንፈሩን መጠጠ። እኔም ሳላስበው መጠጥኩ። ለራስ ጠበቃ መሆን ጉዱ ይኼ ነው።

ዐቃቤ ሕጉ ይህን ሲያይ ልብ ልብ አለው። ተከሳሹ ሆን ብሎ ፖሊሱን ነው ያቆመው፤ ለሌባው ብሎ ቢሆን ኖሮ ሌላ ሰው ምን ብሎ ይቆማል ሲል ተከራከረ። እኔ ደግሞ ጨዋ ሰው ለማን እንደተባለ አይጠይቅም፣ የሰማ ሁሉ ይቆማል አልኩ። ዳኛው ጢማቸውን እየደባበሱ፣ ነገሩ የአንድ ኮርቻ ቢመስልም ቀላል አይደለም፤ አባቶቻችን በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች ይሉ ነበር አሉ። ቀጥለውም ክርክሩ በተግባር እንዲታይ አዘዙ። ሁላችንም ወደ ግቢው እንወጣለን፤ ሰው ሁሉ እንደ ወትሮው ይንቀሳቀሳል፤ እኔ ከባሕር ዛፌ ሥር ሆኜ የፍርድ ቤቱን ተላላኪ ብቻ በስሙ ጠርቼ አቆማለሁ። ሌላም ሰው ከቆመ እውነቴን ነው፤ ካልቆመ የስድስት ወር እስራቴን እቀበላለሁ።

ጫልቱን አሰብኩ፤ የነጋዴውን ቦርጭ አሰብኩ። ከዚያ፣ አንተ ተላላኪ፣ በሕግ አምላክ ቁም አልኩ።

ተላላኪው መዝገብ እንዳቀፈ ቆመ። ዐቃቤ ሕጉ መሐረቡን አፍንጫው ላይ እንዳደረገ ቆመ። ኦቦ ድንቃ ሊያስነጥሱ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። ዳኛው ከበረንዳው ደረጃ ሲወርዱ ነበርና በአንድ እግራቸው ቆሙ። በደስታ እንባዬ መጣ። አሸነፍኩ ማለት አይደል?

በዚህ መሀል አንድ የሚንቀሳቀስ ነገር ዓይኔ ገባ። በሩ አጠገብ አንድ ሰው፣ ችኮላ በሌለው እጅ፣ የዳኛውን በቅሎ ይፈታል። ሃምሳ አለቃው ከዓይኑ በቀር ምንም ሳያንቀሳቅስ፣ እሱ ነው፣ የኮርቻው ሌባ እሱ ነው አለ። ዳኛው በአንድ እግራቸው እየተወዛወዙ በቅሎዬ፣ በቅሎዬ አሉ።

«በሉ ሂዱ» ማለት ነበረብኝ፤ አውቃለሁ። ግን እኔ ተከሳሽ ነኝ። ችሎት ያቆመውን ያለ ችሎት ፈቃድ ብፈታ ሌላ ክስ አይሆንም? ስለዚህ ወገቤን ሰብሬ እጅ ነሳሁና፣ ክቡር ዳኛ ሆይ፣ ይፈታ ዘንድ ቢፈቀድልኝ ስል በትሕትና አመለከትኩ። ዳኛው ፍታን አንተ አሉ፤ ከዚህ ቀጥሎ ያሉት መዝገብ ላይ አልሰፈረም። እስክፈታቸው ድረስ ሌባው ድልድዩን ተሻግሯል። የአባቶች ቃል ደረሰ፤ በቅሎዋ በፍርድ ሄደች።

ደግነቱ የዳኛው በቅሎ በዕድሜዋ የምታውቀው አንድ መንገድ ነው፤ ከቤት ወደ ችሎት፣ ከችሎት ወደ ቤት። ሌባው ልጓሙን ወደ ቡራዩ ቢጎትት እሷ በራሷ አቋራጭ ይዛው ዳኛው ግቢ ገባችና ጋጣዋ ደጃፍ ላይ ገተር አለች። የዳኛው ባለቤት በዘነዘና ተቀበሉት። ኮርቻውም ከድርቆሽ ሥር ተገኘ። ሃምሳ አለቃው ያልያዘውን፣ የሕግ አምላክም ያላቆመውን ሌባ በቅሎ አቆመችው።

እኔም በነጻ ተሰናበትኩ። የሕግ ብልሃቴ እንዳይመስላችሁ። በእኔ ላይ ለመፍረድ ዳኛው በቅሏቸው ስትፈታ ለምን በአንድ እግር ቆመው ያዩ እንደነበር በመዝገቡ ላይ ማስፈር ነበረባቸው። ኦቦ ድንቃ ኮርቻቸውን አቅፈው፣ ልጁ እንኳ ልጅ ነው፣ ብቻ መፍታቱን ይልመድ አሉ። ከፋሲካ በኋላ ጫልቱን ዳሩልኝ።

ዳሩልኝ ብቻ አይደለም፤ የችሎቱን ነገር አንድ ሳያስቀሩ ነግረዋታል። ይኸው እስከ ዛሬ እሑድ ከሰዓት ወደ ጠጅ ቤት ብቅ ልል ኩታዬን ስደርብ፣ ከጓዳ ሆና ድምፅዋን እንኳ ሳታነሳ «በሕግ አምላክ» ትለኛለች። አንድ እግሬ ደጅ፣ አንድ እግሬ ቤት ሆኖ እቆማለሁ፤ ሌባ አይደለሁማ። ስድስት ወር ተፈርዶብኝ ቢሆን ኖሮ ይኼኔ ጨርሼ ወጥቼ ነበር። ጫልቱን ግን «በል ሂድ» የምትለዋን ቃል አባቷ አላስተማሯትም።