ጋሽ ዝገት እና የሰው መኪና

አሮጌ መኪና ያለው ሰው ሁለት ጠላት አለበት። አንዱ ዝገት ነው፤ ሌላው ስለ ዝገት የሚያውቅ ጎረቤት። ለመጀመሪያው መድኃኒት አለ ይባላል። ሁለተኛው ግን ጠዋት ወደ ሥራ ስትጣደፉ ደረጃው ሥር እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይጠብቃችኋል።

የእኛ ሕንጻ ይህን ጸጋ ያገኘው በጋሽ ዝገት ነው። ስምማ አላቸው፤ ግን ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር መሆናቸውን እንጂ ስማቸውን የሚያስታውስ ጎረቤት የለም። ክቡርነታቸው ማንም ሳይሾማቸው የግቢው መኪኖች ሁሉ ዋና ተቆጣጣሪ ናቸው። ኪሳቸው ውስጥ በካልሲ የተጠቀለለ ማግኔት ይዘው ይዞራሉ። የሰው መኪና ላይ ለጠፍ ያደርጉታል። ከያዘ ቆርቆሮ ነው፤ ዝም ብለው ያልፋሉ። ከወደቀ ግን ከቀለሙ ሥር ያለው ጉድጓድ መሙያ ስቱኮ ነው ማለት ነው። ያኔ በጣታቸው ኳ ኳ ያደርጉና የቤት ሥራውን ያልሠራ ተማሪ እንደያዘ አስተማሪ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። "ውስጡን ለቄስ!" ይላሉ፣ ግቢው በሙሉ እንዲሰማ።

አንዴ አዲስ የገቡ ባልና ሚስት የገዟትን መኪና እያሳዩን ሳለ ጋሽ ዝገት ካልሲያቸውን አወጡ። ማግኔቱ በሩ ላይ ወደቀ፣ ፓራፋንጎው ላይ ወደቀ፣ ኮፈኑ ላይም ወደቀ። "ልጄ፣ ይቺ መኪና ተገልብጣ ታውቃለች" አሉት ባልየውን፣ ረጋ ብለው፣ ሚስቱ ፊት። ሰውየው እስካሁን ሰላም አይላቸውም። እሳቸው ግን በየጠዋቱ ሰላም ይሉታል፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው መኪናውንም ያያሉ።

የራሳቸውን መኪና ብታዩ ደግሞ! ነጭ ናት ይላሉ። ነጭነቷ ግን ብዙ ዓይነት ነው፤ እዚህ ጋ ወተት፣ እዚያ ጋ የእንቁላል ቅርፊት፣ የኋላው በር ላይ የሽማግሌ ጥርስ። ቅዳሜ ቅዳሜ ካርቶን አንጥፈው ከሥሯ ይገባሉ። የሚታየን ጫማቸው ብቻ ስለሆነ ጫማቸውን ሰላም ብለን እናልፋለን።

አሁን ወደ እኔ ጉድ ልምጣ። የእኔ መኪና ኮፈን ቀለሙ ተሰነጣጥቆ የደረቀ ጭቃ መስሏል። እሱስ ግድ የለኝም፤ ቁንጅና ፈልጌ አልገዛኋትም። የሚያሳስበኝ እማዬ በምትቀመጥበት በኩል ከበሩ ሥር የወጣው ቡናማ እብጠት ነበር። እማዬ በየሳምንቱ ለኩላሊት እጥበት ሆስፒታል ትመላለሳለች። ጨርሳ ስትወጣ አውቶቡስ መጠበቅ ቀርቶ መቆምም አትችልም። የመኪናው ዓመታዊ ምርመራ ደግሞ ደርሷል። መኪናዋ ከወደቀች እማዬን በምን እንደማመላልሳት እግዜር ይወቀው።

ስለዚህ ምን አደረግኩ? ዓይኔን በጨው አጥቤ እብጠቱ ላይ ቀለም ለቀለቅኩበት። ያምር ነበር እኮ! ገና ቀለሙ ሳይደርቅ ጋሽ ዝገት መጡ፣ ተንበረከኩ፣ የቤታቸውን ቁልፍ አውጥተው ወጋ አደረጉት። ቁልፉ እስከ አንገቱ ሰመጠ።

"ጋሼ፣ እባክዎ ይተዉኝ! ምርመራው ሐሙስ ነው!"

"ሐሙስ ይድረስ። ይሄ የበሰበሰው ወለል ግን የእናትሽ እግር ሥር ነው" አሉኝ።

ምን እላለሁ? መኪናዋን ሰጠኋቸው። ማታ ከሥራ ስመለስ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው፣ የበሰበሰውን ቆርጠው፣ ቡጢ ቀምሳ የመጣች አስመስለዋታል። የእማዬ መቀመጫ መሬት ላይ፣ ወለሉ ላይ ደግሞ ድመት የሚያሾልክ ቀዳዳ። ደሜ ፈላ።

"ጋሼ፣ ገደሏት እኮ!"

"ዝገት ላይ ቀለም መቀባት ቁስል ላይ ካባ መደረብ ነው። መጀመሪያ ብረቱ ይታይ። ሳይቃጠል በቅጠል!"

"ተቃጠለች እኮ ጋሼ፣ ምን ቅጠል ቀረ?"

ተመልሰው ከሥሯ ገቡ። በማግስቱ ብየዳ የሚያውቅ የድሮ ተማሪያቸውን ጎትተው አመጡና አዲስ ላሜራ አስበየዱ። የዝገት መከላከያ ቀለም ቀቡ። ልነካው ስል "እጅሽን! ላብ አለው!" ብለው ጮኹብኝ። በመጨረሻ ከላዩ የደረቡት ቀለም ከመኪናዬ ጋር አይገናኝም፤ አሁን እኔም ካርታ የምትመስል መኪና አለኝ።

ሐሙስ መርማሪው ከሥሯ ገብቶ በመዶሻ መታ መታ አደረጋት። አለፈች! ክላክስ እየነፋሁ ግቢ ስገባ ግን ጋሽ ዝገት አልነበሩም። ዘበኛው ነው የነገረኝ።

"አልሰማሽም እንዴ? የሳቸውም መኪና ምርመራ እኮ ዛሬ ጠዋት ነበር። ወለሏን ከፋፍተው ሳይጨርሱ ያንቺ መጣባቸው። መርማሪዎቹ ጣሏት።"

ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። በራቸውን ሲከፍቱልኝ ሰላምታም አልሰጠሁ። "ለምን አልነገሩኝም?"

"አለፈች ወይ?" አሉኝ።

"አለፈች። ለምን አልነገሩኝም?"

"ብነግርሽ ምን ልታደርጊ? የእኔ መኪና ከዳቦ ቤት ወዲያ የት ትሄዳለች? እናትሽ ግን ቀጠሮ አለባቸው።" ይህን ብለው በሩን ዘጉት፤ ሲመሰገኑ አይወዱም።

ከዚያ ወዲህ ሆስፒታል አብረውን ይሄዳሉ። ብቻዬን እንዳልጠብቅ ነው ይላሉ እንጂ አንድ ቀን አብረውኝ ተቀምጠው አያውቁም፤ እማዬ አልጋ ላይ እንደወጣች እሳቸው መኪና ማቆሚያው ውስጥ ናቸው። ባለፈው ሳምንት የሆስፒታሉ ጥበቃ እየተናደደ መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ገባ።

"ዶክተሩን መንገድ ላይ አቁመው 'መኪናዎ ዝጓል' እያሉ የሚቆጧቸው ሽማግሌ የማን ናቸው?"

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። አንዱ ሳቀ። ድሮ ቢሆን ስልኬ ላይ አቀርቅሬ እንዳልሰማ እሆን ነበር።

"የእኔ ናቸው" ብዬ ተነሣሁ።