ሁለት ሰው የተሸከማት ድንች

ጎበዝ፣ ዛሬ ድንች አዋርዶኝ ገባሁ! ሳቁ ግድ የለም፤ ብቻ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ሥራዬን ታውቃላችሁ። የግብርና ምርምር መሥሪያ ቤታችንን የውስጥ ዜና የምለጥፈው እኔ ነኝ። ለሠራተኛ ብቻ የተከፈተ የፌስቡክ ግሩፕ አለን፤ ቡሬ ያለው ፍኖተ ሰላም ያለውን፣ ዋናው ቢሮ ደግሞ ሁላችንንም እንዲያውቅ ተብሎ።

ችግሩ፣ ላይክ የለም።

ስለ በቆሎ እጽፋለሁ፣ ዝም! ስለ ስንዴ ዋግ እጽፋለሁ፣ ጭጭ! ኧረ ለመሆኑ ይህን ነገር የሚያነብ ፍጡር አለ?

እስቲ ልፈትናቸው ብዬ ባለፈው ሳምንት ይቺን ወረወርኩ፦ «ፈረስ ቤት ከተማ አካባቢ በሙከራ ላይ ካለው አዲሱ ድንች አንዷን ፍሬ ሁለት ሰው ተሸክሞ አወጣት።»

አሁንም ጭጭ። አንባቢ የለም ብዬ ተውኩት። እናንተስ ብትሆኑ?

ዛሬ ጠዋት የዋናው ቢሮ መኪና ደጃችን ቆመ። ዳይሬክተሩ ወረዱ።

«ያችን ድንች ልናያት ነው» አሉ። ካሜራ ይዘዋል!

ሽቅብ እስከ ፈረስ ቤት ድረስ ስለ ድንቿ እንዳይጠይቁኝ ስለ አየሩ ለፈለፍኩ።

ድንቹ የተተከለው በገበሬዋ በእማማ ትሁኔ መሬት ላይ ነው። ተመራማሪዋ በላይነሽ ትናንት አስቆፍራ፣ ዘር በዘር ለይታ ከምራዋለች። ክረምቱን ሙሉ የለፋችበት ውጤት ዛሬ ሚዛን ላይ ሊወጣ ነበር።

ለእማማ ደግሞ «ዳይሬክተሩ ትልቁን ድንች ሊያዩ ይመጣሉ» ተብሎ ተደውሎላቸዋል።

ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ከአዲሱ ዘር ክምር ትልልቁን መርጠው ቀቀሉት!

«ኧረ ይቅመሱ በሞቴ! አይቶ ብቻ የሚሄድ እንግዳ አለ እንዴ?»

ዳይሬክተሩ በአዋዜ እያጠቀሱ ሳለ በላይነሽ ሚዛኗን ይዛ ደረሰች። ክምሩን አየች። ሰፌዱን አየች። እኔን አየች።

«ጋሼ፣ የክረምት ልፋቴን በአዋዜ በላችሁት?»

ዳይሬክተሩ አፋቸው ሙሉ ነው። መዋጥም መትፋትም አቃታቸው። እንደ ምንም ከዋጡ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሁለት ሰው የተሸከማትስ የታለች?»

መሬት ተከፍታ አልዋጠችኝም። ዜናውን ለማጋነን ብዬ የፈጠርኩት መሆኑን ተናገርኩ።

«አይ ልጄ» አሉ እማማ፣ «ሰዎቹ ምን ጦም ቢውሉ ነው ለአንዲት ድንች ሁለት የሆኑት?»

ትልልቁ ሳይመዘን ስለተበላ ያ ክምር ከሙከራው ወጣ። በላይነሽ ደግማ እስክትተክለው ሌላ ክረምት ልትጠብቅ ነው። አሁን እሱ ሲታወሰኝ ሳቄ ይቆማል።

ቢሮ ስንመለስ በታዘዝኩት መሠረት ግለ ሂሴን ግሩፑ ላይ ለጠፍኩ፦ «ድንቿ በአንድ እጅ ትያዛለች። አሁን ግን ተበልታለች። የበላይነሽን ሥራ ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

ላይክ ዘነበ! ከቡሬ፣ ከዋናው ቢሮ፣ የኛው ጥበቃ ሳይቀር!

አንዱማ «ሁሌም እናነብሃለን፤ ላይክ የማናደርገው አለቃ ያየናል ብለን ነው» ብሎ ጻፈልኝ። እንዲህ ነው እንዴ ነገሩ!

ላይክ ያላደረገችው በላይነሽ ብቻ ናት።

እስቲ ምከሩኝ፦ በመጪው ክረምት ዶማ ተሸክሜ፣ አፌን ዘግቼ ብሄድላት፣ አንዲት ላይክ አላገኝም?