ኳስ ሳልጨምር ያገኘሁት ጭብጨባ

ሰውን የሚያጃጅለው ስድብ እንዳይመስላችሁ... ጭብጨባ ነው! የተሰደበ ሰው ቢያንስ ራሱን ይጠረጥራል። የተጨበጨበለት ግን... እስቲ እኔን እዩኝ።

የምሠራው እዚሁ አሽዶድ፣ ድንጋይ ፈጭቶ ለቀለም የሚሆን ዱቄት በሚያወጣ ሚፍዓል፣ በዕብራይስጥ ፋብሪካ ማለት ነው፣ ውስጥ ነው። ወፍጯችን ቤት የሚያክል ተሽከርካሪ በርሜል ነው። ሆዱ ውስጥ ብርቱካን የሚያካክሉ የብረት ኳሶች አሉ። በርሜሉ ሲዞር ኳሶቹ ሽቅብ ወጥተው ቁልቁል ድንጋዩ ላይ ይወርዱና ያደቁታል። እነሱም ታዲያ እየተፋተጉ ያልቃሉ፤ በየሳምንቱ አዲስ መጨመር አለበት። ጨማሪው ማን ነው? አገልጋያችሁ!

አንድ ሳምንት ወገቤን አመመኝና ሳልጨምር ቀረሁ። ቆጣሪውን ባይ... ወፍጮው የሚበላው ሐሽማል፣ መብራቱን ማለቴ ነው፣ ቀንሷል! በሚቀጥለውም ሳምንት አልጨመርኩም። አሁንም ቀነሰ! ስንፍናዬ ሳይንስ ሆነ በሉኛ። ሁለት ወር ሙሉ እጄን አጣጥፌ ቁልቁል የሚወርድ መስመር በወረቀት ላይ ስስል ከረምኩ።

የዱቄቱን ልመት የሚለካው መሣሪያ ለጥገና ስለሄደ ከልካይ አልነበረኝም። አለቃችን፣ መናሄሉ፣ ወረቀቱን ሲያይ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቦ አስጨበጨበልኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ደግሞ ሞኝም ነኝ፣ ወረቀትም ይዣለሁ!

ከአገር ቤት በሱዳን በኩል የመጡትና ሚፍዓሉን የሚያጸዱት እትዬ ትርፌ መጥረጊያቸውን አስደግፈው ከዱቄቱ ቆንጠር አደረጉ። በጣታቸው አሹት።

«አንተ ልጅ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ዱቄት ነዋ እትዬ!»

«ክክ ነው እንጂ! የወፍጮ መጅ ሲያልቅ ለክንድ ይቀላል፤ ዱቄቱ ግን ጥርስ ያስነቅላል።»

«እትዬ፣ አንቱ የሚያውቁት የጓዳ ወፍጮ ነው። ይኼ ኢንዱስትሪ ነው!»

መናሄሉ አማርኛ አይሰማም። «ምን አለች?» አለኝ።

ምን ልበለው? ሰው ሁሉ እያየኝ... «ኮል ሃካቮድ፣ ጎበዝ ብላኛለች» አልኩት። እሳቸው ዕብራይስጡ ገባቸው መሰለኝ፣ የቆነጠሩትን ዱቄት እግሬ ሥር አራገፉት። እኔ ወደ ወረቀቴ አቀረቀርኩ።

ሳምንት ሳይሞላ ቀለም አምራቹ ደንበኛችን ደወለ። በእኛ ዱቄት የሠራው ቀለም ግድግዳው ላይ ብርጭቆ ወረቀት ሆኗል አሉ! እንኳን ሊደገፉት፣ ሲያዩትም ይፍቃል። መናሄሉ ወፍጮውን አስቆመና ከፈትነው። ከብርቱካኖቼ የቀሩት ግማሾቹ ሎሚ፣ ግማሾቹ ሽምብራ አክለዋል። ሐሽማል የቀነሰው ለካ የሚሸከመው ነገር ስላጣ ነው! ባዶውን እየዞረ...

መናሄሉ ወደ እኔ ዞረ። ከኋላው እትዬ ትርፌ ቆመዋል። ጥፋቱን በኳሶቹ ጥራት ላላክክ አሰብኩ፤ ቃሉም አፌ ላይ ነበር። ግን ሴትዮዋን ሳያቸው አቃተኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ኳስ አልጨመርኩም። እሷም ያን ቀን አላመሰገነችኝም፤ ዱቄቱ አልደቀቀም ነበር ያለችው።»

መናሄሉ አልጮኸብኝም። ቢጮኽ ይሻል ነበር! እትዬ ትርፌን ዝቅ ብሎ ይቅርታ ጠየቃቸውና ለእኔ በጣቱ የኳሶቹን ክምር አሳየኝ።

ቀኑን ሙሉ ስጭን ዋልኩ። ወገቤ ምን እንዳለኝ ለእናንተ አልነግርም፤ ጋዜጣ ላይ አይጻፍም። ወፍጮው ሲነሳ ወፍራም ድምፅ አወጣ፤ ቆጣሪው ወደ ድሮው ቁጥሩ ተመለሰ። ማንም አላጨበጨበም።

የመጀመሪያውን ዱቄት በመዳፌ ይዤ፣ አንገቴን ደፍቼ እትዬ ትርፌ ዘንድ ሄድኩ። አሹት፣ እፍ አሉት፣ እንደ ጢስ በነነ።

«ይኼስ ደቀቀ» አሉ።

«ይቅር አሉኝ ታዲያ እትዬ?»

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና መጥረጊያቸውን አነሱ።

«ይቅርስ ብዬሃለሁ። ግን አንተ ለመድቀቅ ገና አንድ ዙር ይቀርሃል።»