ክብርት ወይዘሮ ቢሆንስ

በየትኛውም መሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ፣ ሁሉም ተስማምቶ ወንበሩን ወደ ኋላ መግፋት ሲጀምር እጃቸውን የሚያወጡ አንድ ሰው አይጠፉም። ጣሪያ ሊናድ፣ ቤት ሊቃጠል፣ ሰው ሊጠፋ እንደሚችል የሚያስታውሱን እሳቸው ናቸው። ምሳችንን የሚያበርዱብንም እሳቸው ናቸው።

የእኛዋ በዩኒቨርሲቲው የሴት ተማሪዎች ዶርም ፕሮክተር፣ ማለትም የማደሪያው ኃላፊ፣ ነበሩ። ስማቸው ሌላ ነው፤ በሌሉበት ግን «ክብርት ወይዘሮ ቢሆንስ» እንላቸው ነበር። አዲስ የደረጃ መደገፊያ በተመረቀ ቀን፣ ሪባኑ ሳይቆረጥ ሄደው ብረቱን ነቀነቁት። «ቢነቀልስ?» መሐንዲሱ ሳቀ። እሳቸው እንደገና ነቀነቁት። አዲስ ተማሪ ስትገባ ደግሞ አልጋዋን ከማሳየታቸው በፊት የዶርም ጓደኛዋን እናት ስልክ ያስጽፏታል። «የሰው እናት ስልክ ምን ያደርግልኛል?» ያለቻቸው እንደሆነ፣ «አጠገብሽ የተኛችው ብትታመምስ? ለማን ልትደውዪ ነው?» ይሏታል። ልጅቱ ሻንጣዋን ሳትፈታ ፊቷ ይገረጣል።

እኔ በተማሪዎች አገልግሎት ቢሮ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩ። እውነቱን ልናገርና እኚህ ሴት ያስፈሩኝ ነበር። እሳቸው በተናገሩ ማግስት እንቅልፌ ይቀንሳል፤ የጋዙን ማጥፊያ ሁለት ጊዜ ተነሥቼ አያለሁ። ባለቤቴ «ዛሬ ደግሞ ስብሰባ ነበራችሁ?» ትለኛለች፤ ከሁኔታዬ ታውቃለች።

በዚያ ዓመት የዩኒቨርሲቲው የአምስት ዓመት ዕቅድ ይዘጋጅ ነበር። ለእኛ የደረሰን የተማሪዎች ኑሮና ድጋፍ ነው። አሥራ አራት ጥያቄ ቀርቦ ቅድሚያ የሚሰጠው ለአምስቱ ብቻ ነው ተባለ። በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ አምስቱ ተለይተው ነበር፦ ለሜዳው ትልቅ ስክሪን፣ አዲስ የግቢ በር፣ ፈጣን ኢንተርኔት፣ የካፌው እድሳት፣ የስፖርት መሣሪያ። ሁሉም ወንበሩን ገፋ። እጅ ወጣ።

«የምክር ባለሙያ በየዶርሙ ይመደብ» አሉ ክብርትነታቸው። «ሁለት ቀን ካፌ ያልታየች ልጅ ካለች በዚያው ቀን ሰው ይላክ። የክፍሎቹ መቀርቀሪያም ከውጭ የሚከፈት ይሁን።»

ዲኑ በትሕትና ፈገግ አሉ። «ወይዘሮ፣ ይሄ እኮ የእርስዎ ስጋት ነው። ዕቅድ አይደለም።»

«ዕቅድ ታዲያ ምንድን ነው? አስቀድሞ መፍራት አይደል?»

ሳቅን። እኔ ቃለ ጉባኤው ላይ «አስተያየት ተሰጥቷል» ብዬ አለፍኩት።

ወዲያው ስልካቸው ጠራ። የካፌው ተቆጣጣሪ ነበር። አዳመጡ፣ «የትኛው ክፍል?» አሉ፣ ከዚያ ማንንም ሳያስፈቅዱ ወጡ። ዲኑ ወደ እኔ ዞሩ፤ «ተከተላቸውና መልሳቸው። ሳይፈርሙ መዝጋት አንችልም።»

ግቢው መሐል ላይ ደረስኩባቸው። እየሄዱ ነገሩኝ፦ አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ካፌ በር ላይ የምግብ ካርዷን አላስመታችም። የዶርም ጓደኞቿ ለመስክ ሥራ ወጥተዋል፤ እሷ አሞኛል ብላ ቀርታለች። ስልኳ ዝግ ነው።

«ዘመድ ጋ ሄዳ ይሆናል እኮ፣ እትዬ» አልኳቸው።

«ይሁንልን» አሉ። ርምጃቸው ግን ፈጠነ።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ኮሪደሩ ጭር ብሏል፤ ተማሪው ሁሉ ክፍል ነው። በሩን አንኳኩ። መልስ የለም። ትርፍ ቁልፍ አስገቡ፤ ቁልፉ ዞረ፣ በሩ ግን አልተነቃነቀም። ከውስጥ ተቀርቅሯል። ከውስጥ የተቀረቀረ ክፍል ውስጥ ሰው አለ ማለት ነው፤ ሰው እያለ ደግሞ ድምፅ የለም። ለአናጢው ደወልኩ። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ።

እሳቸው በሩ ሥር ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አሉ። «ልጄ፣ እኔ ነኝ» አሉ፣ ቡና እየጠጡ እንደሚያወጉ ሁሉ በለሰለሰ ድምፅ። «መነሣት ካቃተሽ አትነሺ። እዚሁ ነኝ። ልብስሽ ገመድ ላይ ሁለት ቀን ውሎ ዝናብ ሊመታው ሲል አነሣሁልሽ። ሰማያዊው ሹራብ ክንዱ ጋ ተተርትሯል፤ ክር አላጣለትም። ትናንት ወጥቼ ብጠይቅሽ ጥሩ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ምንም። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። አናጢው እያለከለከ ደረሰ። እሳቸው ስለ ሹራቡ ማውራታቸውን አላቋረጡም። አናጢው መዶሻውን ሲያነሣ ከውስጥ ብረት ተንቀጫቀጨ። መቀርቀሪያው ቀስ ብሎ ተሳበ።

ልጅቱ ብርድ ልብስ ተከናንባ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። «ሁለት ፈተና ወድቄያለሁ» አለች። «ቤት ምን ብዬ ልንገር? ሳልነቃ ብቀር ብዬ ነው የተኛሁት።» ከዚያ ፕሮክተሯን ቀና ብላ አየቻቸው። «እንዴት አወቁ?»

«አላወቅኩም ልጄ። ፈርቼ ነው የመጣሁት።»

ደግፈናት ክሊኒክ ወረድን። ነርሷ ጉሉኮስ እስክትሰካላት ድረስ ክብርትነታቸው ድንጋይ ነበሩ። ውጭ ስንወጣ ግን ነጠላቸውን መልሰው ለመልበስ ሞከሩ፤ ከትከሻቸው ተንሸራቶ ወደቀ። እኔ አለበስኳቸው።

«ስንቱን በር አንኳኩቼ ተኝተው አግኝቻቸዋለሁ መሰለህ» አሉኝ። «ይሰድቡኛል። ሲሰድቡኝ ‹ተመስገን› እላለሁ። ዛሬም እየተሰደብኩ ብመለስ ነበር ምኞቴ።»

ወደ ስብሰባው ስንመለስ ዲኑ ወረቀቱን ለፊርማ አቀረቡላቸው። እኔ ተነሥቼ ያየሁትን ተናገርኩ፤ ቃለ ጉባኤ ያዥ መናገር አይፈቀድለትም፣ ግን ተናገርኩ። ዲኑ ወረቀቱን መልሰው ሳቡና «ቅድም ያሉትን ይድገሙልን» አሉ። በዚህኛው ዙር አንዲት ቃል አላሳጠርኩም። የምክር ባለሙያው አንደኛ ሆነ፤ ስክሪኑ ሰባተኛ ወርዶ ከዕቅዱ ወጣ። ልጅቱ ሁለቱን ትምህርት ደግማ ከጓደኞቿ በአንድ ዓመት ዘግይታ ተመረቀች።

ባለፈው ዓመት የራሴን ልጅ ሌላ ከተማ ላለ ዩኒቨርሲቲ አደረስኳት። ስለ ቤተ መጻሕፍቱም ስለ ስፖርት ሜዳውም አልጠየቅኩም። ዶርሙ በር ላይ የቆመውን ጥበቃ ወደ ጎን ወሰድኩት።

«እዚህ ነገር የሚያበዙ፣ ሰው የሚጨቀጭቁ፣ በር የሚያንኳኩ ሴት አሉ?»

ግራ ቀኝ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አሉ፣ ጋሼ። እኛንም መከራ አብልተውናል። ምን ይደረግ ብለው ነው? ይታገሷቸው።»

የልጄን ሻንጣ መሬት አስቀመጥኩና፣ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ተነፈስኩ።