የጋሽ ነገሬ መክሰስ

ስኳር ያለበት አዛውንት የሌለበት ግቢ ካለ፣ ያ ግቢ ገና ተሠርቶ አላለቀም ማለት ነው። ቢያንስ በእኛ በኮልፌ እንዲህ ነው። ግቢው ውሃ ላይኖረው ይችላል፣ የመብራት ቆጣሪው ለአምስት አባወራ አንድ ሊሆን ይችላል፤ «እኔ እኮ ስኳር አለብኝ» እያለ ዳቦ የሚቆርስ ሽማግሌ ግን አይጠፋም። እርስዎም አንድ ያውቃሉ። አጎትዎ ናቸው፣ ወይ የባለቤትዎ አባት፣ ወይም ይቅርታ ይደረግልኝና እርስዎ ራስዎ ነዎት።

የዚህ ዓይነት ሰው ዋናው መለያ ምንም አለመብላቱ ነው። ጠዋት አይበላም፣ ቀን አይበላም፣ ማታም አይበላም። ስኳሩ ግን ይወጣል። ከየት እንደሚመጣ ሐኪሙ አያውቅም፣ ልጆቹ አያውቁም፣ ከሁሉም በላይ የሚገረመው ራሱ በሽተኛው ነው።

የእኛ ግቢ ተወካይ ክቡር ጋሽ ነገሬ ናቸው። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ ሲሰፉ ኖረው ዓይናቸው ሲደክም የስፌት መኪናቸውን ሸጡ። የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ ደሜ ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ አሁን የሚኖሩት ጦር ኃይሎች አካባቢ አንድ ልብስ መደብር ከምትሠራው ልጃቸው ከኢሊሊ ጋር ነው። የእኔና የእሳቸው ቤት በአንድ ግድግዳ ነው የሚለያየው። እኔ ቤት ቁጭ ብዬ ለጋዜጣ የምጽፍ ሰው ነኝ፤ በሰፈሩ አስተያየት ሥራ ፈት ነኝ።

ጋሽ ነገሬ ስኳር ከተዉ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ሻይ ሲቀርብላቸው ብርጭቆውን በመዳፋቸው ይከድኑና «ስኳር እንዳታደርጊበት፣ እኔ ጠላቴን አውቃለሁ» ይላሉ። ከዚያ በዚያው መራራ ሻይ ሁለት ቦንቦሊኖ ያወራርዳሉ። ላዩ ላይ የተነሰነሰውን ስኳር ግን በጥንቃቄ ያራግፉታል። በእሳቸው አስተምህሮ ስኳር ማለት ነጭ፣ ደቃቅና በማንኪያ የሚጨመር ነገር ነው። ቦንቦሊኖ ዱቄት ነው። ማር መድኃኒት ነው። ሙዝ ፍራፍሬ ነው፤ ፍራፍሬ ደግሞ ሐኪም የሚመክረው ነው። ሰፈራችን ካለው ከሀምዳን ሱቅ ስለሚገዛው ቴምር ስጠይቃቸው፣ «የበረሃ ሰው ዕድሜ ልኩን የሚበላው ነው። በረሃ ውስጥ ስኳር የታመመ ሰው አይተህ ታውቃለህ?» አሉኝ። እኔ በረሃ ሄጄ አላውቅም።

ክኒናቸውንም ቢሆን አያጓድሉም። «ክኒኑ የሚሠራው ነገር ይፈልጋል» ይላሉ፤ «ሆድ ውስጥ ሥራ ፈቶ ከተቀመጠ ሰውየውን ነው የሚበላው።»

ክቡርነታቸው መብላት የሚለውን ቃል ስለ ራሳቸው ሲጠቀሙ ሰምቼ አላውቅም። ይቀምሳሉ። አፋቸውን ያሟሻሉ። አስር ሰዓት ላይ የሚወሰደው ደግሞ መክሰስ ነው፣ መክሰስ ደግሞ ምግብ አይደለም። አማርኛችን ይህን ቃል ለሁለት ሥራ አውሎታል፤ አንደኛው በምሳና በእራት መሃል የሚቀመሰው ነው፣ ሁለተኛው ፍርድ ቤት የሚደረገው። ጋሽ ነገሬ ቀን የመጀመሪያውን ያደርጋሉ፣ ኢሊሊ ደግሞ ከሥራ ስትገባ ሁለተኛውን ታደርጋለች።

«አባዬ፣ መክሰስ ምን በላህ?»

«ምን እበላለሁ? እህል በአፌ አልዞረም።»

«ጢምህ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«ከጸሎት ነው የመጣሁት።»

እውነታቸውን ነው፣ ከጸሎት ነው የመጡት። የቤት ለቤት ጸሎቱ ግን ያለ ብስኩት አያልቅም። የታመመ ጥየቃውም እንደዚያው ነው። ጋሽ ነገሬ የሰፈሩን በሽተኛ አንድም ሳይቀር ይጠይቃሉ፤ በሽተኛ ያለበት ቤት ደግሞ ሙዝና የፓኬት ጭማቂ አያጣም። በሽተኛው ራሱ ከትራሱ ቀና ብሎ «በሞቴ ጋሼ፣ አንዲት ብቻ» ይላቸዋል። «በሞቴ ከተባልኩ በኋላ እምቢ ማለት ሰውየውን መግደል ነው» ብለው ያስረዱኛል። በዚህ ዓይነት የስንቱን ሕይወት እንዳተረፉ የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው። እኔም በልጄ ልደት የኬክ ቁራሽ ይዤ «በሞቴ» ብያቸዋለሁ። ያኔ ጥሩ ጎረቤት የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ቀን፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ጋሽ ነገሬ እንደ ልማዳቸው ለጥየቃ ወጡ። ሦስት ቤት ጠይቀው በጭቃው ተመለሱ። አመሻሽ ላይ ኢሊሊ ጫማቸውን ስታወልቅላቸው ካልሲው ከእግራቸው ጋር በደም ተጣብቋል። ጫማው ውስጥ የሽምብራ ያህል ጠጠር አገኘች። ቀኑን ሙሉ ረግጠውት ሲዞሩ ውለዋል።

«ምንም አላመመኝም እኮ» አሉ ጋሽ ነገሬ፣ መልካም ዜና እንደሚያበስር ሰው። ኢሊሊን ያስለቀሳት እሱ ነው። ስኳሩ የእግራቸውን ስሜት ሲወስድ ማንም አላየውም ነበር፣ እሳቸውም ጭምር።

ሐኪሙ ነገሩን አላሽሞነሞነውም። ስኳራቸው ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ነበር። እስከ መስከረም ቀጠሮ ድረስ ካልወረደ ቁስሉ አይድንም፣ ቁስሉ ካልዳነ መጀመሪያ ጣቶቹ፣ ቀጥሎ እግሩ ይቆረጣል አለ። መራመድም ተከለከሉ። ነርሷ ደግሞ ኢሊሊን ለብቻዋ ጠርታ መከረቻት። ረጅም ሰዓት ጾመው ያገኙትን ከሚጎርሱ፣ ምድጃ የማያስለኩስ ቀላል ነገር አጠገባቸው ይቀመጥላቸው አለች፦ የተቀቀለ እንቁላል፣ ኪያር፣ ካሮት፣ እፍኝ ለውዝ።

ኢሊሊ ትንሽ ምሳ ዕቃ ገዛች። በየጠዋቱ ታክሲ ልትይዝ ከመውጣቷ በፊት እንቁላሉን ልጣ፣ ኪያሩን ከትፋ ታስቀምጥላቸዋለች። «ክዳኑን መክፈት ብቻ ነው አባዬ፣ ሌላ ምንም ሥራ የለውም» ትላቸዋለች። ጋሽ ነገሬ ዕቃውን ገልጠው አዩትና «የጥንቸል ቀለብ» ብለው መልሰው ከደኑት።

ያም ሆኖ ምሳ ዕቃው ማታ ማታ ባዶ ሆኖ ይገኝ ጀመር። ኢሊሊ ደስ አላት። በሁለተኛው ሳምንት ስትለካቸው ሁለት መቶ ዘጠና ስምንት። በሦስተኛውም ያው። አንድ ጠዋት ዣንጥላዋን እንደያዘች የእኔ በር ላይ ቆመች።

«እዮኤል፣ አንተ ቀን ቤት ነህ። አባቴን ሰልልልኝ ማለት ያሳፍረኛል። ግን እግሩን ሊቆርጡት ነው።»

አስር ሰዓት ላይ ሄድኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ጋሽ ነገሬ በሩን ወለል አድርገው ከፍተው፣ የታሰረ እግራቸውን ጀሪካን ላይ ሰቅለው፣ ምሳ ዕቃውን እንደተከደነ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ወደ ውጭ ያያሉ።

«ጋሼ፣ ለምን አይበሉም?»

«ሰው እየጠበቅኩ ነው።»

«ማንን?»

«ማንም ይሁን።»

ምርመራዬን ቀጠልኩና ሁሉም ወጣ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ሰው ይጠብቃሉ። ሰው ሲጠፋ፣ በራችን ላይ ቦንቦሊኖ የምትጠብሰውን ሀዊን ይጠሩና «ለልጆችሽ» ብለው ምሳ ዕቃውን ከነእንቁላሉ ይሰጧታል። ሀዊ ደግሞ በሥርዓት ያደገች ሴት ናት፤ የሰው ዕቃ ባዶውን አትመልስም። ሁለት ትኩስ ቦንቦሊኖ ታደርግበትና ይዛላቸው ትመጣለች፣ ዝናቡ እስኪያባራም አብራቸው ቁጭ ትላለች። አንዱን ለእሷ ይሰጣሉ፣ አንዱን እሳቸው ይቀምሳሉ። ኢሊሊ በማለዳ የላጠችው እንቁላል በሁለት ሰዎች ጨዋነት ተጣርቶ ቦንቦሊኖ ሆኖ ይመለሳል። ሀዊን ሄጄ ስነግራት መጀመሪያ ተቆጣች። «እና ባዶ ዕቃ ልመልስላቸው ነው?» አለችኝ። ስለ እግራቸው ስነግራት ማማሰያዋን አስቀምጣ ፊቷን አዞረች።

ያ ግን በኋላ ነው። መጀመሪያ ጋሽ ነገሬን ተቆጣኋቸው፤ በሃያ ሰባት ዓመት የሚበልጡኝን ሰው። «እግርዎ እኮ ነው ጋሼ። ክዳን መክፈት ይህን ያህል ይከብዳል?»

የምሳ ዕቃውን ክዳን በመዳፋቸው ደባበሱ። ከዚያ፣ «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል አልሰማህም?» አሉኝ። «ከደሜ ጋር አርባ ዓመት ከአንድ ሳህን በላሁ። አሁን ለብቻዬ ክዳን ከፍቼ እንቁላል ስገምጥ ሰው ቢገባ ምን ይለኛል?»

«ጋሼ፣ በዚህ ዝናብ ማንም አይገባም።»

«እሱን ነው የምልህ እኮ» አሉ።

አፈርኩ። ስለዚህ ሰው ስንት ቀልድ አውርቻለሁ። ሆዳቸው ከቤት ቤት የሚያዞራቸው ይመስለኝ ነበር። ለካ በእሳቸው ቤት አንድ ነገር አፍ ውስጥ ለመክተት ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል፤ ሁለተኛው ሰው ሞቷል፣ ሌላው ሰው ሥራ ላይ ነው። ስለዚህ ሰው ወዳለበት ይሄዳሉ፣ ሰው ያለበት ቤት ደግሞ «በሞቴ» ይላል።

በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ። ጋሽ ነገሬ ምሳ ዕቃውን ከፈቱት። ለአንዲት እንቁላል አራት ደቂቃ ጸለዩ፤ በጸሎቱ ውስጥ ሐኪሙም፣ ነርሷም፣ ሀዊም፣ ሥራ ፈቱ እኔም ተጠቅሰናል። ከዚያ እንቁላሉን በአውራ ጣታቸው ለሁለት ከፍለው ትልቁን ወደ እኔ ገፉት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አስር ሰዓት ሲሆን ጽሑፌን አቋርጬ መሄድ ሥራዬ ሆነ። እኔ ጥሬ ካሮት አልወድም። ኪያር ውሃ ነው ብዬ የማምን ሰው ነኝ። ጋሽ ነገሬም አይወዱም፤ ሁለታችንም ፊታችንን አጨፍግገን እናኝካለን። «በርታ፣ ስትለምደው ይሻልሃል» ይሉኛል፣ በሽተኛው እኔ እንደሆንኩ ሁሉ። ስለ ድሮ ደንበኞቻቸው ያወሩኛል፤ ማን ሱሪው ጠበበኝ ብሎ እንደመጣ፣ ማን የሠርጉን ልብስ ሳይወስድ እንደሞተ። ኢሊሊ ሁለት እንቁላል መቀቀል ጀመረች፤ ጋሽ ነገሬ ግን አንዱን ለነገ እያሉ አንዱን ብቻ ይከፍላሉ። ስኳራቸው ሁለት መቶ አርባ ገባ። ከዚያ መቶ ሰማንያ ስምንት። እኔ አባቴ በሕይወት እያለ ይህን ያህል ከእሱ ጋር ቁጭ አላልኩም። ጋሽ ነገሬን እወዳቸዋለሁ፣ ይህን ለማወቅ አንድ ኩንታል ካሮት አስፈልጎኛል።

የመስከረም ቀጠሮ ሲደርስ ሐኪሙ በስኳሩ ተደሰተ፣ በእግሩ ግን አልተደሰተም። ዘግይተናል። ቁስሉ የሁለት ጣት አጥንት ውስጥ ገብቷል። ሁለቱ አሁኑኑ ከተቆረጡ እግሩ ሊተርፍ ይችላል፣ ተስፋ እንጂ ዋስትና አልሰጥም አለ። ጋሽ ነገሬ ሰምተው ሲያበቁ የጠየቁት፣ ክፍሉ ውስጥ ስንት ሰው እንደሚተኛ ነው። ስድስት ሲባሉ «ጥሩ ነው» አሉ።

የቀዶ ጥገናው ቀን ኢሊሊ አብራቸው ሄደች። ስትወጣ ምሳ ዕቃውን እኔ እጅ ላይ አስቀመጠችው። «ሳላስበው አዘጋጅቼው ነው» አለችና ወደሚጠብቃቸው ታክሲ ሮጠች።

አስር ሰዓት ላይ ጠረጴዛዬ ላይ ከፈትኩት። ኪያሩ አለ፣ ካሮቱ አለ፣ ሁለቱ እንቁላልም አለ። አንዱን እንቁላል አነሳሁት። አውራ ጣቴን ጫንኩበት፣ ግማሹን ለማን እንደምሰጥ ስላላወቅኩ መልሼ አስቀመጥኩት። ስልኬን እያየሁ ብዙ ቆየሁ።

አሥራ አንድ ሊሆን ሲል ኢሊሊ ደወለች።

«አልቋል። ሁለቱ ጣት ሄዷል፣ እግሩ ተርፏል አሉ።» ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቅኩ። «ነቅቷል። መጀመሪያ የጠየቀኝ ሰዓት ነው። አስር አልፏል ስለው ‹እዮኤል በላ ወይ?› አለኝ። ምን ልበለው?»

እንቁላሉ ከነሙሉነቱ ፊቴ ነበር።

«በልቷል በይው» አልኳት።