ጋሽ አሥራት እና የሲኒማ ኢፍቲን ምሰሶ

ሦስት ኢትዮጵያውያን አንድ ቦታ ሊቀመጡ ሲሉ፣ አራተኛው ቆሞ ያስቀምጣቸዋል። ማንም አልሾመውም፣ ማንም አልለመነውም። ድንኳን ይሁን ሚኒባስ፣ ስብሰባ ይሁን ለቅሶ፣ እጁን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ዘርግቶ «ጠጋ ጠጋ በሉ! እዚህ ጋ ሁለት ሰው ይይዛል!» ይላል። ሁለት ሰው እንደማይዝ እሱም ያውቃል፣ እናንተም ታውቃላችሁ። ግን ትጠጋላችሁ። እኔ በዕድሜዬ «አልጠጋም» ያለ ሰው አላየሁም።

የጅግጅጋው አስቀማጭ ክቡር ጋሽ አሥራት ይባላሉ። «ክቡር» የምትለዋን የጨመርኳት እኔ ነኝ፤ ያለ እሷ ሹመታቸው ጎደሎ ይመስለኛል። አባታቸው በወታደርነት መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው፤ እሳቸው እዚሁ ተወልደው፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ቀበሌ መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ ወጡ። ሶማሊኛቸው ከእኔ ይሻላል። እኔ ደግሞ ዐብዲሰላም የምባል፣ አያት ቅድመ አያቴ ሁሉ ሶማሌ የሆነ የሂሳብ መምህር ነኝ፤ ይህን ስናገር እንዴት እንደሚያንገበግበኝ እናንተው ገምቱ። አማራው «ጋሼ»፣ ሶማሌው «አዴር» ይላቸዋል፤ አዴር እንግዲህ አጎት ማለት ነው። የከተማው ግማሽ አጎት ናቸው፣ ቀሪው ግማሽ ደግሞ ገና ያልተዋወቃቸው ነው።

ሥልጣናቸው ወሰን የለውም። ወደ ቱሊ ጉሌድ የሚሄደው ሚኒባስ መነኻሪያ ውስጥ ሲሞላ ረዳቱ በሩን ለቆላቸው ሻሂ ሊጠጣ ይሄዳል። ክሊኒክ ለምርመራ ሄደው ወረፋውን እንደ አዲስ ደልድለው፣ ሊገባ የመጣውን ሐኪም ራሱን «ወረፋ አለ፣ ልጄ» ብለው አግዳሚ ላይ አስቀምጠውታል። ወላሂ ተቀመጠ! በወንድሜ ሠርግ ደግሞ ሙሽራውን ከወንበሩ አስነስተው ከሀርሺን የመጡ ሽማግሌ አስቀመጡበት። ወንድሜ ቅር ሲለው ትከሻውን መታ መታ አድርገው «አንተ ቆመህም ትታያለህ» አሉት።

ለምን እንደሆነ ከጠየቃችሁ መልሱ አንድ ነው፤ «አትጠይቀኝ፣ ተቀመጥ።»

ዋናው ግዛታቸው ግን ሲኒማ ኢፍቲን ነበር። ኢፍቲን ብርሃን ማለት ነው፤ በሰፈሩ መብራት ቀድሞ የሚጠፋው ግን እዚያ ነው። ቤቱን የሠሩት የአሁኗ ባለቤት የሆዶ አባት ናቸው። እሳቸው ሲያርፉ ሆዶ ሱቋን ዘግታ፣ ያባቷን ፕሮጀክተር ጠግና፣ ዓርብና እሑድ የህንድ ፊልም፣ በሌላው ቀን ኳስ እያሳየች ቤቱን አቆየችው። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ የእንጨት አግዳሚዎች፣ ከመሀል ደግሞ አንድ ወፍራም የሲሚንቶ ምሰሶ። ከምሰሶው በስተቀኝ ወንዶች፣ በስተግራ ሴቶችና ቤተሰብ። ትኬት ላይ ቁጥር የለም። የመቀመጫ ቁጥር የሚባለው ጋሽ አሥራት በባትሪያቸው ብርሃን የሚጠቁሙት ቦታ ነው።

እኔን የት ያስቀምጡኝ ነበር? ከምሰሶው ኋላ! በ2010 ዓ.ም. ኢልሃንን ካገባሁ ጀምሮ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ፊት ለፊት ሦስት ባዶ አግዳሚ እያለ፣ ከምሰሶው ኋላ። ስክሪኑን በግማሽ ነው የማየው። አክተሩ ሲያለቅስ አያለሁ፣ ማን እንዳስለቀሰው አላይም። ይህም አንሶ ቀድሜ ስደርስ በር ላይ እጄን ይዘው ያቆሙኛል። «ትንሽ ቆይ፤ ውስጥ እየተጠረገ ነው።» ሌላው ይገባል፣ እኔ እቆማለሁ። መብራት ጠፍቶ ፊልሙ ሲጀምር ብቻ እየመሩ ያስገቡኛል።

«ጋሼ፣ ምን በደልኩዎት?»

«አትጠይቀኝ፣ ተቀመጥ።»

ጠልተውኛል ብዬ ደምድሜ ነበር። ቀበሌ ሳሉ የመታወቂያ ፎቶዬን አልወደድኩትም ብዬ ሦስት ጊዜ ያስመለስኩባቸው ቂም ይሆናል ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

በ2016 መንገዱ ሊሰፋ ነው ተባለና የአሮጌው ሲኒማ ግድግዳ ላይ ቀይ ምልክት ተቀባ። ሆዶ አዲስ ከተሠራ ሕንፃ አንደኛ ፎቅ ላይ አዳራሽ አገኘች። የሕንፃው ባለቤት የስድስት ወር ጊዜ ሰጣት፤ ሰው ከመጣላት ትቀጥላለች፣ ካልመጣላት አዳራሹ የሶፋ መሸጫ ይሆናል። ሆዶ ያን ቀን «መምህር፣ ይሄ ካልሆነ ያባቴ ነገር እዚህ ላይ አበቃ» አለችኝ።

የዕቃው ማጓጓዝ የጋሽ አሥራት የሥልጣን ጫፍ ነበር። አይሱዙው ወደ ኋላ ሲመጣ «ና! ና! ና! ና!» ብለው፣ አጥሩን ከነካ በኋላ «ቁም!» አሉ። አግዳሚዎቹን ማን ቀድሞ እንደሚጫን፣ የተጠቀለለውን ስክሪን ማን በየትኛው ትከሻው እንደሚሸከም ደነገጉ። እሳቸው ራሳቸው የተሸከሙት ባትሪያቸውን ብቻ ነው። ሁሉ ተጭኖ ሲያልቅ ባዶው ቤት መሀል ቆመው ቀና ብለው አዩ።

«ምሰሶውስ?» አሉ።

ሳቅን። ተሸካሚዎቹ ሆዳቸውን እስኪይዙ ድረስ ሳቁ። ጋሽ አሥራት አልሳቁም። ለሆዶ ደግመው፣ «ምሰሶው እንዴት ነው የሚሆነው፣ ሆዶ?» አሏት።

«አዴር፣ አዲሱ ሕንፃ እኮ ምሰሶ አያስፈልገውም፤ በብረት የተሠራ ነው» አለቻቸው። ሦስተኛ ጊዜ ጠይቀው ያው መልስ ሲሰጣቸው «ሀዬ»፣ እሺ ማለት ነው፣ ብለው ወጡ። እሳቸው ሳይከራከሩ «እሺ» ሲሉ ደንገጥ ማለት ነበረብን።

አሁን ኃጢአቴን ልናዘዝ። በቁጥር የተሸነሸነ ትኬት የሚለው ሐሳብ የእኔ ነው። አሥር ረድፍ፣ በየረድፉ አሥራ አራት ወንበር፣ መቶ አርባ ሰው። በስኩዌር ደብተር ላይ በማስመሪያ የሣልኩት እኔ ነኝ። ቤተሰብ አብሮ ይቀመጥ ብዬ ግራና ቀኙን ያደባለቅሁት እኔ ነኝ። ትኬት በተገዛበት ቅደም ተከተል ይሰጣል፣ ማንም ማንንም አያስቀምጥም፣ አድልዎ የለም፣ ምሰሶ የለም! ሆዶም አመነችኝ። ለጋሽ አሥራት ረድፍ አንድ ቁጥር አንድ የሚል የዕድሜ ልክ ነፃ ትኬት አትማ «አዴር፣ ከእንግዲህ ተቀምጠው ይዩ» አለቻቸው። ትኬቱን ገልበጥ አድርገው አዩት፣ በኮት ኪሳቸው ከተቱት፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ወጡ። እኔ እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ።

አዲሱ ኢፍቲን በኢድ ማግስት ከሰዓት ተከፈተ። ኢልሃን ልጆቹን ይዛ ቤት ስለቀረች ብቻዬን ሄድኩ። ረድፍ ሰባት፣ ቁጥር ስምንት። ልክ መሀል! ከፊቴ ነጭ ስክሪን ከዳር እስከ ዳር። በስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አክተሯን ሙሉዋን አየኋት። ከአጠገቤ ቁጥር ዘጠኝ ላይ አንዲት በጨለማው የገቡ እናት ተቀምጠው፣ ክፉው ሰውዬ ብቅ ባለ ቁጥር በሶማሊኛ ይራገማሉ። እኔም አብሬ «አሚን» እላለሁ።

ከዚያ መብራት ሄደ፣ ጄኔሬተሩ ተነሣ፣ የአዳራሹ አምፖል ሁሉ ቦግ አለ። ዞር ብዬ ፈገግ አልኩላቸው።

አማቴ ናቸው። ወይዘሮ ኻድራ!

ለማያውቅ ላስረዳ። በእኛ ባህል የልጅ ባልና አማት ፊት ለፊት አይተያዩም፤ ጠብ አይደለም፣ አክብሮት ነው። መንገድ ላይ ድንገት ብንገጣጠም እሳቸው ፊታቸውን ይሸፍናሉ፣ እኔ መንገድ እቀይራለሁ። ከተማ ገብተን ስንቱን ነገር ትተናል፤ ይቺን ግን ወይዘሮ ኻድራ አልተዋትም። እና ስድስት ዓመት የተከባበርን ሰዎች፣ አሁን በአንድ የወንበር እጀታ ላይ ክርናችንን አሳርፈን፣ ፊልም ውስጥ ያለ ሰው እየረገምን! እሳቸው ገርበሰር የሚባለውን ሻሻቸውን ከትከሻቸው ስበው ፊታቸው ላይ ጣሉ። እኔ በቀኝ፣ እሳቸው በግራ፣ የሰው ጉልበት እየረገጥን ወጣን።

የወጣነው ደግሞ ሁለታችን ብቻ አይደለንም። የሰፈራችን ዐብዲራሺድ በአጥር ድንበር አራት ዓመት ከሚካሰሰው ጎረቤቱ ጋር ተደርድሮ ተገኘ። ባለፈው ዓመት የተፋቱ ባልና ሚስት ቁጥራቸው ተከታታይ ሆነ። ያ ሁሉ ሰው መብራት ሲበራ ጎረቤቱን አየና ተነሣ። የሠለጠነው ሥዕሌ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ባዶ ወንበር ሆነ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሠላሳ ሰው መጣ፣ በሦስተኛው አሥራ አንድ። ሰዉን ስትጠይቁት «ትኬቱ ከማን ጋር እንደሚያስቀምጠኝ በምን አውቄ?» ይላል። የሕንፃው ባለቤት ስድስት ወሩን እንኳ ሳይጠብቅ ሜትር ይዞ መጥቶ ሶፋ የሚደረደርበትን መለካት ጀመረ። ሆዶ ወንበሮቹ መሀል ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ እኔ የስኩዌር ደብተሬን ይዤ የምገባበት ጠፋኝ።

ቤቴ ስገባ ደግሞ ኢልሃን ተቀብላ አፈነዳችው። «እናቴን ከሲኒማ አስቀረሃት! ስድስት ዓመት አንድ ዓርብ ቀርታ አታውቅም!»

«ስድስት ዓመት? እኔም እኮ ዓርብ ዓርብ ነው የምሄደው! የት ነበር የሚቀመጡት?»

«ከምሰሶው ወዲያ በኩል።»

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። በር ላይ «ትንሽ ቆይ» የተባልኩበት ሁሉ፣ በጨለማ ተመርቼ የገባሁበት ሁሉ፣ ያላየሁት የስክሪን ግማሽ ሁሉ አንድ በአንድ መጣብኝ። እኔ የጠሉኝ መስሎኝ፣ ሰውዬው ስድስት ዓመት ክብሬን ሲጠብቁልኝ ኖረዋል። አፈርኩ፤ ዛሬም ስጽፈው አፍራለሁ።

በማግስቱ ከሆዶ ጋር ልንፈልጋቸው ወጣን። ቤታቸው የሉም። አሮጌው ሲኒማ ጋ ስንደርስ ኤክስካቫተር ግድግዳውን እያፈረሰ ነው፤ አቧራው መሀል ጋሽ አሥራት ቆመዋል። «ና! ና! ና! ቁም! ትንሽ ወደ ግራ!» ኦፕሬተሩም ይታዘዛቸዋል። የኖሩበትን ቤት በሥርዓት እያስፈረሱት ነበር።

ሆዶ እጃቸውን ይዛ፣ «አዴር፣ አጥፍቻለሁ። ይመለሱልኝ» አለች።

«ለምን አልነገሩንም?» አልኩ እኔ። ይህን ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ መለሱልኝ።

«ምን ብዬ ልንገርህ? አማትህ አሉ ብልህ ትቀራለህ። አማችዎ አለ ብላቸውም ይቀራሉ። ካላወቃችሁ ሁለታችሁም ታያላችሁ።» አቧራውን ከኮታቸው አራገፉ። «መዝገብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ምን የሠራሁ ይመስልሃል? ማን ከማን እንደተጋባ፣ ማን ከማን እንደተካሰሰ ባውቅም አላወራም። እየሰማሁ ቦታ ቦታ አስይዝ ነበር።»

ከዚያ ወደ ሆዶ ዞሩ። «እመጣለሁ። ግን ምሰሶ።»

ምሰሶ ተሠራ! አናጢ ተጠርቶ ከፎርማይካና ከሞራሌ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ፣ ልክ መሀል ላይ። የሕንፃው ባለቤት ሲያየው ጣሪያው የተሰነጠቀ መስሎት ላቡ ጠብ እስኪል ደነገጠ። ምንም አይሸከምም ብንለው የባሰ ግራ ገባው። ቁጥሮቹ ተፋቁ፣ ግራና ቀኝ ተመለሰ፣ የእኔ ሥዕል የሻሂ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሆነ። «ጋሽ አሥራት ተመለሱ» የሚለው ወሬ ግን ከማስታወቂያ በላይ ሠራ። በአራተኛው ዓርብ ደረጃው ላይ ሰልፍ ነበር፤ የሶፋው ነገር ያኔ ቀረ።

እኔም በር ላይ ቆምኩ። «ትንሽ ቆይ፣ ውስጥ እየተጠረገ ነው» አሉኝ። ዓይናችን ተጋጨ፤ ሁለታችንም ምንም እንዳላወቀ ሰው ሆንን። መብራቱ ሲጠፋ ገብቼ ከምሰሶው ኋላ ተቀመጥኩ። ከወዲያ በኩል አንዲት እናት ክፉውን ሰውዬ ይረግማሉ፤ ሲወድቅ ደግሞ ይስቃሉ። ሳቃቸው ቁርጥ የሚስቴን ሳቅ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ የሰማሁትን ሳቅ እንዴት አላወቅሁትም? በልቤ ብቻ «አሚን» አልኩ።

ጋሽ አሥራት ባትሪያቸውን ይዘው በመተላለፊያው ይመጣሉ። «ጠጋ ጠጋ በሉ! እዚህ ጋ ሁለት ሰው ይይዛል!» ሁሉም ሰው ቦታ ቦታውን ያዘ፤ አንድ የቆመ ሰው አልቀረም፣ ከእሳቸው በስተቀር። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። እሳቸው ተቀምጠው ፊልም ሲያዩ አይቼ አላውቅም። ያ የዕድሜ ልክ ትኬት እስከ ዛሬ ከኪሳቸው አልወጣም። ምሰሶውን ተደግፈው በቀስታ ጉልበታቸውን አሹ።

ወደ ጥጉ ተጠጋሁ። «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ሁለት ሰው ይይዛል።»

«እኔ? ለምን?»

«አይጠይቁኝ፣ ይቀመጡ።»

ባትሪውን አጠፉና ተቀመጡ። ከዚያ ቦታ የሚታየውን ግማሹን ፊልም አብረን አየን።