ቢጫዋ የአሸዋ አበባ ሽማግሌ ላከችብኝ

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ባሕሩ ራሱ ተነሥቶ አዳማ መጣ። ሰፈራችን አሸዋ በአሸዋ ሆነ። ዓሦች ዳር ዳሩን ተቀምጠው ሰው ያጠምዱ ነበር፤ የዕድራችን ሊቀመንበር በትኩስ አምባሻ ተያዙ። ማንም ቅር አላለውም። እኔም ደስ ብሎኝ ጫማዬን አወለቅሁ።

ወዲያው የቤቴ በር ተንኳኳ። አገር ቤት የሚኖሩት እናቴና አባቴ እንዴት እንደመጡ እንጃ፣ ቤቴ ውስጥ ነበሩ። እናቴ ከፈተች። ሦስት ሽማግሌዎች ቆመዋል፤ አንድ ሸርጣን፣ አንድ ዔሊ፣ አንድ ጋቢ የለበሰ ጡረተኛ ማዕበል።

"ግቡ፣ ተቀመጡ እንጂ" አለች እናቴ።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አለ ሸርጣኑ። "ልጃችሁን ለልጃችን ብለን ነው የመጣነው።"

ልጃቸው ከኋላቸው ነበረች። ከባሕር ዳር አሸዋ በቀር የትም የማትበቅል፣ አንድ ክንድ የማትሞላ ቢጫ አበባ። ባዶ እጅ መምጣት ነውር ነውና፣ እንደ እቅፍ አበባ በክር የታሰሩ አምስት ጎረምሶች ታቅፋለች።

እውነቱን ልናገር። የአከራዬን ልጅ የውብዳርን ከወደድኳት ሦስት ዓመቴ ነው። ሽማግሌ መላክ ፈርቼ "ከፋሲካ በኋላ"፣ "ከክረምት በኋላ" እያልኩ ኖርኩ። ይህች ሚጢጢ ግን ባሕር አስነሥታ መጣች። ቀናሁባት።

እናቴ ሰባት ቤት አስቆጠረች። ሸርጣኑ ወደ ጎን እየተራመደ ቆጠረ፦ "አሸዋ፣ የአሸዋ ልጅ፣ የአሸዋ የልጅ ልጅ..." አባቴ እንደ ሙሽሪት አንገቱን ደፍቶ አለቀሰ።

"ቤትስ አላት?" አለች እናቴ።

"ሥሯ ሦስት ክንድ ነው" አለ ማዕበሉ። "ነፋስ አሸዋውን ጠርጎ ሲወስደው እሷ ንቅንቅ አትልም።"

"ቶሎ በሉ፣ ባሕሩ ሊመለስ ነው" አለ ዔሊው። "ልጁ ምን ይላል? በአፉ ይናገር።"

አፌ አልከፈት አለ። ውሃው መሸሽ ጀመረ። አበባዋ ጫፍ ጫፏን ስትጠወልግ አየሁ።

"አገባታለሁ!" ብዬ ጮህኩ።

አባቴ እልል አለ። ጎረምሶቹ ከነክራቸው ጨፈሩ። እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም።

ነቃሁ። ነግቷል። ለካ የጮህኩት በእውን ነው። የእኔን ክፍልና የአከራዬን ሳሎን የሚለየው ደግሞ አንድ ችፑድ ብቻ ነው።

"ማንን ነው የምታገባው?" አሉ አከራዬ አቶ ጥሩነህ ከወዲያ።

አፌ አንዴ ተከፍቷልና "የውብዳርን" አልኩ።

ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ።

"አንተ ልጅ፣ ሽማግሌ ይላካል እንጂ በችፑድ ነው እንዴ የሚጠየቀው?"

"አባዬ፣ ዝም ብለህ እሺ በለው!" አለች የውብዳር። "ይሄ ሰውዬ ተመልሶ ከተኛ መቼ እንደሚነቃ አይታወቅም!"